የፈዬራ ሰላምታ

ፈዬራ የኩባንያው ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ዕለት ካኪ ካፖርት፣ ፊሽካና ዱላ ተሰጠው። ማንም ያልሰጠውን አንድ ነገር ደግሞ ራሱ ጨመረበት፤ ሁሉን የሚያውቅ ሰው ፊት። ይህ ፊት ከየት እንደመጣበት ኋላ ሲጠየቅ፣ ካፖርቱ ነው ያመጣብኝ፣ እኔ ድሮ እንዲህ አልነበርኩም ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር ድሮም እንዲሁ ነበር፤ ያልነበረው ካፖርቱ ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ኩባንያው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቁልቁል ወርዶ ከሰው አጥር ጋር በሚገናኝበት ቦታ የተተከለ ትልቅ የጣውላ ፋብሪካ ነበር። በሩ ላይ የተጻፈ ረጅም ስም ነበረው። እኛ የየካ ሰዎች ግን ሌላ ኩባንያ ስለማናውቅ «ኩባንያው» ብቻ እንለዋለን። አባቶች ገብስ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ልጆች ግንድ ይሰነጥቁ ጀመር። የፈዬራ አባት ማሳ በሩ የቆመበት ቦታ ላይ ስለነበረ፣ ሰውየው ቤተሰባችን ከቦታው አልተነቃነቀም፣ አባቴ ያርሰው ነበር፣ እኔ እቆምበታለሁ እያለ ይቀልዳል።

ኩባንያው ሲበዛ ምስጢረኛ ነበር። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። አንዱ ግሪክ ነው ይላል፤ ሌላው አርመን ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ስሙን መጥራት የሚያስፈራ መኮንን ነው ይልና ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኛ በዓይናችን ያየነው ዲሬክተሩን፣ አቶ ኃይለጊዮርጊስን ብቻ ነው። የቢሮው መስኮት በጠራራ ፀሐይ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኖ ይውላል። ሲናገር ድምፁ በጣም ዝግ ያለ ስለሆነ የሚያነጋግረው ሰው ሳይወድ ይጎነበሳል፤ ከሩቅ ለሚያይ እጅ የሚነሳ ይመስላል። ደመወዝ ለምን ዘገየ ተብሎ ሲጠየቅ ጉዳዩ እየተጠና ነው ይላል። የሠራተኛው መጸዳጃ ቤት ለምን በር የለውም ሲባልም ጉዳዩ እየተጠና ነው። ያ በር ኩባንያው እስከሞተበት ቀን ድረስ ሲጠና ኖረ።

ከላይ የሚነገር ነገር ሲጠፋ ሠራተኛው ዓይኑን የሚጥለው በር ላይ በቆመው ሰው ላይ ነው። የሚገባውንም የሚወጣውንም የሚያይ እሱ ነዋ። ከበሩ ፊት ለፊት የነጅመዲን ሱቅ ነበረች፤ ሠራተኛው ሻይ የሚጠጣው እዚያ ነው። ፈዬራ ብቅ ሲል ሁሉም ወንበር እየለቀቀ፣ ምን ሰማህ፣ ከላይ ምን አለ ይለዋል። ፈዬራ የሰማው ነገር የለም። ክላክስ ሲነፋ ይከፍታል፤ መኪናው ሲያልፍ ይዘጋል፤ እውቀቱ በዚህ ያበቃል። ነገር ግን «አላውቅም» ማለት ካፖርቱን በሰው ፊት የማውለቅ ያህል ከበደው። ስለዚህ ሻዩን ፉት ይልና፣ ማወቁንስ አውቃለሁ፣ አፌ ታስሮ ነው እንጂ ይላቸዋል። እነሱም ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። ለዚያች ሻይ ከፍሎ አያውቅም።

ሚስቱ ሎሚ በዚህ በሽታው ስትስቅበት ነው የኖረችው። ቤቱ ውስጥ ጨው ማለቁን የማያውቅ ሰው የኩባንያ ምስጢር ያውቃል ብላ ለጎረቤት ስትናገር፣ እሱም አብሮ ይስቃል። በማግስቱ ግን ካፖርቱን ሲለብስ ሳቁን ቤቱ ትቶት ይወጣል።

አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ዱቤ ይባላል። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተዳሩ፣ ልጆቻቸውም በአንድ ግቢ ያደጉ፣ ሲፈልጉ በኦሮምኛ ሲፈልጉ በአማርኛ የሚጨቃጨቁ ወዳጆች ነበሩ። ዱቤ የሚሠራው ትልቁን መጋዝ በሚያሽከረክረው ሞተር ላይ ነው። ማታ ማታ ሠራተኛው ሲወጣ ፈዬራ በር ላይ ቆሞ ይፈትሻል፤ ወዳጅ ጠላት የለውም። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን ይገለብጣሉ፤ ወንዶቹ ኪሳቸውን ያወጣሉ፤ ሰጋቱራ እንኳ ከእግራቸው አራግፈው ነው የሚያልፉት። አንድ ቀን ከዱቤ የምሳ ጨርቅ ውስጥ እሳት ማያያዣ የሚሆን ስንጣሪ አገኘና፣ የኩባንያው ንብረት ነው ብሎ ቀማው። ዱቤ አልተቆጣም። የዚያን ዕለት ማታ በአጥሩ ላይ ተደግፎ፣ ያቺ ስንጣሪ ለባለቤቱ በደህና ደረሰች ወይ ብሎ ጠየቀው እንጂ።

በዚያ ዓመት ከጥቅምት ጀምሮ ትናንሾቹ መጋዞች በሸራ እየተሸፈኑ በጭነት መኪና መውጣት ጀመሩ። ለጥገና ነው ተባለ። መኪናው ሲመጣ ፈዬራ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍትና ሰላምታ ይሰጣል። ይህ ሰላምታ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ፈዬራ ወታደር ቤት በደጁም አልፎ አያውቅም። ሰላምታውን የተማረው ጃንሜዳ ሰልፍ ያይ በነበረ ጊዜ ነው፤ ከሩቅ ስላየው ግን የትኛው እጅ እንደሆነ በደንብ አልያዘውም ነበር። እናም አንድ ቀን በቀኝ፣ አንድ ቀን በግራ ይሰጣል። እግሩን ሲያጋጭ ደግሞ የነጅመዲን ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ።

የሄደ መጋዝ አልተመለሰም። ዱቤ ይህን አይቶ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ለጥገና የሄደ ነገር መመለሻ አለው፣ የኛ ግን ሁሉ እንደወጣ ቀረ፣ ተሰብስበን ዲሬክተሩን እንጠይቀው ብሎ ሠራተኛውን ማናገር ጀመረ። ሠራተኛውም አንድ ዓይኑን ዱቤ ላይ፣ አንድ ዓይኑን ፈዬራ ላይ አድርጎ ይሰማል።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ፈዬራን ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮው አስጠራው። ፈዬራ ከመግባቱ በፊት ጫማውን በካፖርቱ ጫፍ ጠረገ። ዲሬክተሩ ወንበር አላቀረበለትም፤ ግን ወደ ጆሮው ጠጋ አለለት። አዲስ መጋዞች ከውጭ አገር በመርከብ እየመጡ መሆናቸውን፣ ደመወዝም እንደሚጨመር፣ ይህን ከዲሬክተሩና ከፈዬራ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ፣ ለማንም እንዳይናገር ነገረው። ፈዬራ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ መሬት እየረገጠ መሆኑን እርግጠኛ አልነበረም። ለማንም አልተናገረም። ለነጅመዲን ብቻ ነገረው፤ ያውም አስምሎ። ነጅመዲንም ሻይ ለሚጠጡት ብቻ፣ እነሱንም አስምሎ ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን ወሬው ከየካ ሚካኤል እስከ እንጦጦ አናት ደረሰና ዲሬክተሩን የመጠየቁ ነገር ቀረ። አቶ ኃይለጊዮርጊስ የፈለገውም ይህን ነበር። ዘበኛው ምስጢር እንደማይችል ከማናችንም በፊት ያወቀው እሱ ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት፣ የጭነት መኪናው እንደገና መጣ። ያን ቀን ከሾፌሩ አጠገብ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ራሱ ተቀምጧል። ሲገባ ባዶ ነበር። ሲወጣ ሸራው ሥር የነበረው ነገር ከመጋዝ የበለጠ፣ ጎማውን ያጎበጠ ነበር። ዲሬክተሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን አንተ ብቻ ነህ ያየኸው አለው። ፈዬራ ደስታው ከቁመቱ በለጠ። በቀኝ ይሁን በግራ መወሰን አቅቶት በሁለት እጁ ሰላምታ ሰጠ።

ሰኞ ጠዋት ትልቁ ሞተር ተሰረቀ ተብሎ ታወጀ።  ፈዬራ በዚያው ቅጽበት ወደ ቢሮው ሮጠ፤ ሳያስፈቅድም ገባ። እሑድ ያየው ነገር ያ ሞተር እንደሆነ ሊናገር አፉን ከፈተ። ዲሬክተሩ አልደነገጠም።

«እሑድ ያየኸው ሌላ ሞተር ነው» አለው።

«ሁለት ሞተር ነበር እንዴ፣ ጌታዬ?»

«ነበር። ሁለተኛውን የሚያውቀው ሰው የለም። አሁን አንተ አወቅህ።»

ዘጠኝ ዓመት በዚያ በር ላይ ቆሟል። ስንጣሪ በጨርቅ ሲያልፍ የሚይዝ ሰው ነው። ሁለተኛ ሞተር እንደሌለ ከነጅመዲን ድመት ጀምሮ ሁሉም ያውቃል። ፈዬራ ግን አመነ። ያመነው ስላሳመነው አይደለም፤ አሁን አንተ አወቅህ የምትለዋን ቃል መተው ስላቃተው ነው። ዲሬክተሩም በዚያው ቀጠለ። ስርቆቱ የውስጥ ሰው ሥራ ነው፣ ዱቤ የሚባለውን ልብ በለው፣ የአጥቢያው ዳኛ ባላምባራስ ወንድይራድ ሐሙስ ሰፈሩን አውጫጭኝ ይጠራሉ፣ ያን ቀን አንተ የምታውቀውን ብትናገር የዘበኞች አለቃ ትሆናለህ አለው። ኩባንያው ያለው ዘበኛ አንድ ፈዬራ ነው። የራሱ አለቃ ሊሆን መሆኑን ያሰበው እቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሹመት ሹመት ነው ብሎ ተጽናና።

እስከ ሐሙስ ድረስ ስለ ዱቤ አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። ኋላ በዚህ ሊከላከል ሞክሮ ነበር። ቅንድቡ ግን ብዙ አወራ። ነጅመዲን ሱቅ ተቀምጠው ማን ሰረቀው ሲባል፣ ወደ ዱቤ ቤት አየት አድርጎ በረጅሙ ይተነፍሳል። ወዳጁ ሆኖ እንኳ እንዲህ ከሆነ አለ የሰማው ሁሉ። ረቡዕ ማታ ላይ የዱቤን ሰላምታ የሚመልስለት ሰው ቁጥር ጎደለ።

አውጫጭኝን የማያውቅ የዛሬ ሰው ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ስርቆት የተፈጸመበት ሰፈር ሰው ሁሉ መስክ ላይ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሰውን በየተራ እየጠሩ ያስምላሉ። የሚያውቅ ሰው ቂም እንዳይተርፈው «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይላል። ወፏ ተጠርታ አትጠየቅም፤ ከየት ሰማሽ የሚላት የለም። ከተማው መሐል ይህ ልማድ እየቀረ ነበር። የካ ግን ገና ግማሽ ጎኗ ገጠር ስለነበረ ባላምባራስ ሲጠሩ የማይወጣ አልነበረም።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ ያን ሐሙስ ፋብሪካው እንዲዘጋ፣ ሠራተኛው በሙሉ ወደ መስኩ እንዲወርድ አዘዘ። ዘበኛውም እንዳይቀር፣ በሩን የዲሬክተሩ ሾፌር ይጠብቀዋል ተባለ። ፈዬራ ይህን ለራሱ እንደተሰጠ ክብር ቆጠረው። ያለ እኔ አውጫጭኙ አይሆንም ብሎ ካፖርቱን አስቦርሾ ወረደ።

ፀሐዩ ከባድ ነበር። ላሞች ሳይታለቡ የቀሩበት፣ ሕፃናት የሚያለቅሱበት፣ ሴቶች ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጥለው የሚያጉረመርሙበት ቀን ነው። የተጠራ ሁሉ ዛፉ ሥር ይደርስና አላየሁም አልሰማሁም ብሎ ምሎ ይመለሳል። ሲመለስ ግን ዓይኑ ዱቤ ላይ ያርፋል። ዱቤ ከሰው ትንሽ ፈንጠር ብሎ ሣር እየነቀለ ተቀምጧል። ወደ ቀትር ላይ፣ ሞተሩን የሚያውቀው እሱ አይደለም እንዴ የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ፣ ወዳጁ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሰነበተው አለ። ወዳጁ የተባለው ፈዬራ ነው። አንገቱን የደፋው ግን የሚናገረውን ስለሚለማመድ ነበር። ወፍ ነገረችኝ፣ ወፍ ነገረችኝ ይላል በልቡ። ሁለት ሞተር ነበር፣ ይላል ደግሞ። ሁለተኛውን ደጋግሞ ማለት ነበረበት፤ አንድ ጊዜ ሲያቆም አንድ ሞተር ብቻ ይቀር ነበርና።

ተራው ደርሶ ዛፉ ሥር ሲቆም ባላምባራስ ወንድይራድ በጣም ደክሟቸዋል። የዱቤ ስም በየሰዉ ጆሮ መድረሱን፣ ነገር ግን እስካሁን አፍ አውጥቶ የተናገረ አለመኖሩን፣ አንድ ሰው ካለ ዱቤ ታስሮ ከተማ እንደሚወርድ፣ ሕዝቡም እንደሚበተን ነገሩት። ከኋላው ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ። ሁሉን የሚያውቀው ሰው ሊናገር ነው።

ፈዬራ ዘወር ብሎ ዱቤን አየው። ዱቤም አየው። አላባበለውም፤ አልተቆጣም፤ እንደማንኛውም ቀን በአጥር ላይ እንደሚያየው ነው ያየው። ፈዬራ ያን ጊዜ አፈረ። እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። የዱቤ ልጆች እናታቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ትንሿ እንቅልፍ ወስዷታል። የዘበኞች አለቃነቱ፣ ሻዩ፣ ዲሬክተሩ ጆሮው ላይ የተነፈሰው ትንፋሽ ሁሉ አንድ ላይ ረከሰበት።

«ወፍ አልነገረችኝም፣ ባላምባራስ» አለ። ሊያንሾካሹክ ይችል ነበር፤ ግን ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። «ሞተሩን እሑድ ጠዋት አቶ ኃይለጊዮርጊስ በጭነት መኪና አወጣው። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

ባላምባራስ ቀና አሉ። «ዝም ብለህ ከፈትክለት?»

«ዝም ብዬስ አይደለም። ሰላምታ ሰጥቼ ነው።»

 ከዚያ አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት፤ እሷን ተከትሎ ያ ጧት ሙሉ ፀሐይ ሲቀቅለው የዋለ ሕዝብ ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በየትኛው እጅህ የሚል ድምፅ ከሠራተኛው መሐል መጣ። ፈዬራም ከዚህ በኋላ የሚደበቅ ነገር ስላልነበረው በሁለቱም አለ። ሎሚ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ታልቅስ ትሳቅ አልታወቀም። ስለ ሁለተኛው ሞተርም ነገራቸው፤ ያቺን መተው ይችል ነበር፤ ግን አንዴ ከጀመረ አይቀር ብሎ ነው። ባላምባራስ ራሳቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሰው ይዘው ወደ ኩባንያው ወጡ፤ ሁላችንም ተከተልን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሾፌሩ የለም። እኛ መስክ ላይ ሌባ ስንፈልግ የቀረው መጋዝ፣ ጣውላው፣ የመጋዙ ማዞሪያ ቀበቶ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ ሁሉ ተጭኖ ሄዷል። ግቢው ውስጥ የቀረው የሰጋቱራ ክምርና ሊነሳ ያልቻለ አንድ ትልቅ ግንድ ነው። አንዱ ሮጦ የቢሮውን መጋረጃ ገለጠ። ውስጡ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ውስጥ ምን ይኖር ይሆን ብለን የተጨነቅን ሰዎች፣ የሚደበቅ ነገር እንኳ ስላልነበረበት ተናደድን። ያን ጊዜ የሚስቅ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ነገ የሚሄድበት ሥራ አልነበረውም፤ የወሩም ደመወዝ ከአቶ ኃይለጊዮርጊስ ጋር ወጥቷል። ሰውየው በዚያ አገር ዳግመኛ አልታየም።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ፈዬራና ዱቤ ወደ ቤታቸው አብረው ወረዱ። ፈዬራ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጥሎታል። መንገዱን ሁሉ የሚያወራው እሱ ነበር። ራሱን ይሰድባል፤ ሰላምታውን እያስመሰለ ያሳያል፤ የራሴ አለቃ ልሆን ነበር እኮ ይላል። ዱቤ ፈገግ ይላል። አጥራቸው ጋ ሲደርሱ ቆመ።

«እሑድ ዕለት ላሚቱን ይዤ ከላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነበርኩ» አለ ዱቤ። «ስትከፍትለት አይቼሃለሁ።»

ፈዬራ ወደ እሱ ዞረ። ከሰኞ ጀምሮ ሰው ሲያኮርፈው፣ መስክ ላይ ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት፣ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀው።

«እኔ ብናገር ተባባሪ ነው ብለው አንተን ነው የሚያስሩህ። አንተ ራስህ ስትናገር ሞኝ ነው ይሉሃል እንጂ ሌባ አይሉህም።»

«እኔ ባልናገርስ?»

ዱቤ የግቢውን በር ከፈተ። ደህና እደር ብሎት ወደ ልጆቹ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ፈዬራ ይህን ታሪክ በየሰርጉና በየለቅሶው ድንኳን ሲያወራው ኖሯል። ስለ ካፖርቱ፣ ስለ ቅንድቡ፣ ስለ ሁለተኛው ሞተር ሲናገር የማይስቅ ሰው የለም፤ እሱም ከሁሉ በላይ ይስቃል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ያቆማል።  ለሎሚ ብቻ አንድ ጊዜ፣ ያን ቀን ሙሉ እኮ እኔ እሱን ለመሸጥ አፌን ሳሟሽ እሱ እኔን ሊያተርፈኝ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር አላት፤ በዚህኛው መሳቅ አልቻልኩም አላት።